መነጽር ለባሹ ፈቃድ ይጠይቅ



በስልክ የሚቀርጽ ሰው ያስታውቃል። እጁን ያነሳል፣ ስልኩን ወደ እናንተ ያዞራል፣ ስክሪኑን እያየ ቦታውን ያስተካክላል። ያንን ያየች እህት ፊቷን ታዞራለች፣ ሻሿን ትስባለች፣ ወይም «አታንሳኝ» ትላለች። ሰውየው ባይሰማት እንኳ ማን እንደቀረጻት ታውቃለች። መጨቃጨቅም፣ ለፕሮክተር መንገርም፣ ትታው መሄድም የእርሷ ምርጫ ነው። ካሜራ የተገጠመለት መነጽር የሚወስድብን ይህንን ዕድል ነው። እጅ አይነሳም። ሰውየው ዝም ብሎ ያያችኋል፣ ምናልባትም ያወራችኋል፤ እናንተም «ሰው እያየኝ ነው» ትላላችሁ እንጂ «እየተቀረጽኩ ነው» ብላችሁ አታስቡም።

ይህ መነጽር ወደ ግቢያችን መግባት ጀምሯል። ገና በቁጥር ጥቂት ሳለ በመካከላችን ደንብ ልናበጅለት ይገባል፤ የደንቡም ሸክም መውደቅ ያለበት በሚቀርጸው ላይ ነው ባይ ነኝ። «እህቶች ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ለጥፈን የምንገላገለው ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ሴሚስተር ላውንጅ ውስጥ አንድ ተማሪ ዘመዱ ከውጭ ያመጣለትን መነጽር አድርጎ መጣ። ጥቁር ፍሬም ያለው፣ ማንም ሰው የሚያደርገው ዓይነት መነጽር ነው። ጠረጴዛው ወዲያው ተከበበ። አንዱ ይሞክረዋል፣ ሌላው «ድምፁ ከየት ነው የሚወጣው?» እያለ ያገላብጠዋል። በመጨረሻ ባለቤቱ የቀረጸውን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ምሳ የሚበሉ ሦስት እህቶች ከነንግግራቸው ጥርት ብለው ይታያሉ። ሁሉም ያደነቀው ጥራቱን ነበር። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሦስቱ አንዷ «አጥፋልኝ» ብትለው ወዲያው ያጠፋው ነበር። ግን መቀረጿን ሳታውቅ እንዴት ብላ ትጠይቀዋለች?

መሣሪያውን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጸው። ከዚህ ዓይነት መነጽሮች በሰፊው የሚታወቀው የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ከሬይባን ጋር የሚያወጣው ነው። የመጀመሪያው ሬይባን ስቶሪስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2021፣ ተከታዩ ሬይባን ሜታ ደግሞ ኦክቶበር 2023 ወጣ። ሬይባን ሜታ በፍሬሙ አንድ ጥግ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ በሌላው ጥግ ሲቀርጽ የሚበራ ትንሽ መብራት፣ በተጨማሪም አምስት ማይክሮፎኖች አሉት። ከጆሮ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ወይም በድምፅ ሲያዙት ይቀርጻል፤ የቀረጸውም ወደ ስልክ ይተላለፋል። የዓይን ችግር ላለበት ሰው በሐኪም የታዘዘ ሌንስ ይገጠምለታል (ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ)። ዋጋው ሲጀምር 299 ዶላር ነበር። የሬይባን ባለቤት የሆነው ኤሲሎርሉክሶቲካ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እንደገለጸው 2 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል፤ እስከ 2026 መጨረሻም በዓመት 10 ሚሊዮን የማምረት አቅም ለመገንባት አቅዷል።

ለአብዛኞቻችን 299 ዶላር የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከዱባይ፣ ከጂዳ፣ ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስንት ስልክና ላፕቶፕ እንደገባ እናውቃለን። ምንም መብራት የሌላቸው ርካሽ ባለ ካሜራ መነጽሮችም በኢንተርኔት ገበያ ከተሸጡ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጎግል ግላስ እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ሲቀርብ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቷል። አንዳንድ መዝናኛ ቤቶች ለባሾቹን አናስገባም አሉ፤ ለባሾቹም የስድብ ስም ወጣላቸው። ጎግል በ2015 መጀመሪያ ሽያጩን አቆመ። ያን ጊዜ ሰው ሊቆጣ የቻለው መሣሪያው ገና ከሩቅ «ካሜራ ነኝ» ስለሚል ነበር። የአሁኑ ግን መነጽር ነው የሚመስለው። ዛሬ ብዙ ጫጫታ የማንሰማው ሰው ስለለመደው ይመስላችኋል? እኔ ስላላየው ነው እላለሁ።

«መብራት አለው እኮ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአየርላንድና የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ያቺ ትንሽ መብራት አንድን ሰው መቀረጹን ለማሳወቅ ትበቃለች ወይ የሚል ጥያቄ ለኩባንያው አቅርበው ነበር። በኋላ በወጣው መነጽር መብራቱ ተለቅ ብሏል፤ ሲሸፍኑትም አልቀርጽም ይላል። ይሁንና በ2025 አንድ የአሜሪካ የዜና ድረ ገጽ በ60 ዶላር ገደማ መብራቱን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ሰው እንዳለ ዘግቧል። ያ ሰው ባይኖርስ? በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአምስት ሜትር ርቀት መብራቷን ማን ያያታል? ቢያያትስ? በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ፣ የካፌዋ ሠራተኛ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር የመጡ እናት መብራቷ «እየቀረጽኩህ ነው» ማለቷ መሆኑን ከየት ያውቃሉ? ትርጉሙን ለማያውቅ ሰው ምልክቱ እንደሌለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች አደጋው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማሳየት ይህንኑ መነጽር ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር አገናኙት። መነጽሩ የሚያየውን በኢንስታግራም በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ኮምፒውተሩ ከስርጭቱ ውስጥ የሰው ፊት ይለያል፤ ያንን ፊት ኢንተርኔት ላይ በሚፈልግ አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ከተገኙት ገጾች ስም፣ ከስሙም አድራሻና ስልክ ቁጥር ያወጣል። አይተውት የማያውቁትን ሰው በስሙ ጠርተው እንደ ቆየ ትውውቅ ሲያነጋግሩት የሚያሳይ ቪዲዮ አወጡ። ፕሮግራሙን ግን ለማንም አልሰጡም። እነርሱ የተጠቀሙበት ዓይነት የአድራሻ ማውጫ እኛ አገር የለም፤ ስለዚህ ነገሩ እንዳለ እዚህ አይሠራም። ደግሞም አያስፈልግም። የዲፓርትመንታችን የቴሌግራም ግሩፕ፣ የምርቃት መጽሔቱ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የዶርም ድልድል እያለ የአንዲትን ተማሪ ስም ለማወቅ ሃርቫርድ መግባት አይጠይቅም።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ምንም ርቀት የሌለው ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አንድ ሰው የሬይባን ሜታ መነጽር አድርጎ ግቢ ውስጥ ሴቶችን እያስቆመ ያልተገባ ነገር ይናገራል፣ ቪዲዮውንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሳያወጣ አይቀርም የሚል። ይህ በአማርኛ ስም አለው፤ ልከፋ ይባላል። አዲሱ ነገር ለካፊው ከልከፋው ገቢና ተመልካች ማግኘቱ ነው። ልጅቷ ስትደነግጥ፣ ስታፍር፣ «እሺ ቸኩያለሁ» ብላ ለማምለጥ ፈገግ ስትል፣ ያ ሁሉ ይዘት ሆኖ ይሸጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንዲት እህት ከመስጂድ ወደ ዶርም ስትመለስ አንድ ሰው መንገድ ጠየቃት እንበል። መለሰችለት። ቀጠለና ስሟን ጠየቃት፤ በጨዋነት ሳቅ ብላ አለፈችው። ከሁለት ደቂቃው ውስጥ ተቆርጦ የሚወጣው የሳቀችበት አሥር ሰከንድ ነው። ከሥሩ አንድ ሁለት የሚያሾፍ ቃል ይጨመርበታል። ከሳምንት በኋላ ያ አሥር ሰከንድ አገር ቤት ባለ አጎት ስልክ ላይ ይደርሳል። አጎት መነጽሩን አላየም፣ ጥያቄውን አልሰማም፣ ሽሽቷንም አላየም። የሚያየው የወንድሙ ልጅ ከማይታወቅ ወንድ ጋር ቆማ ስትስቅ ነው። ነገር በዓይን ይገባል። አንዳንዶቻችን እዚህ ግቢ የደረስነው ስንት ሽማግሌ ተልኮ፣ ስንት ቃል ገብተን ነው። ለእንዲህ ዓይነቷ ተማሪ አንድ ቪዲዮ ማለት «በቃ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ማለት ሊሆን ይችላል። ለባሹ ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ዋጋውን የሚከፍለው እርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ሌንሱ ልመለስ። መነጽሩ በሐኪም የታዘዘ ሌንስ ይቀበላል ብያለሁ። ይህ ማለት ለባሹ መነጽሩን በር ላይ አያወልቀውም ማለት ነው፤ ካላደረገው አያይማ። ስለዚህ መነጽሩ ላይብረሪ ይገባል፣ መስጂድ ይገባል፣ ዶርም ይገባል። ለባሹም ወንድ ብቻ አይደለም። ከዒሻ በኋላ የሴቶች ዶርም ምን እንደሚመስል ለእህቶች መንገር አያስፈልገኝም። ስድስት ልጆች ባሉበት ክፍል አንዷ ፀጉሯን ትሠራለች፣ አንዷ ልብስ ትቀይራለች፣ አንዷ ተኝታለች። ሒጃብ ያ ቦታ ድረስ ነው፤ እዚያ ይወልቃል። የክፍል ጓደኛችን ለእናቷ ልትልክ የራሷን አልጋና ሻይ ስትቀርጽ ከኋላ ማን እንዳለ ላታስተውል ትችላለች። ቪዲዮው ወደ ስልኳ፣ ከስልኳ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ስልክ ደግሞ ወደ ወንድሞቿ ይሄዳል። ከዚያም የባሰ አለ፤ የእህቶች የውዱእ ቦታ። በስልክ ቢሆን እዚያ ውስጥ ማንም እጇን አታነሳም፤ ያፈረች አንዷ ትጮህባታለች። መነጽር ያደረገችን ልጅ ግን ማን ምን ይላታል?

የሚቀረጸው ደግሞ ለባሹ ጋር ብቻ አይቀርም። መነጽሩ ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «ይህ የማየው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት ምስሉ ወደ ኩባንያው ይሄዳል፤ እንዲህ የሚላክለትን ምስል ሥርዓቱን ለማሠልጠን ሊጠቀምበት እንደሚችል ኩባንያው በ2024 ተናግሯል። ያ ውሳኔ የለባሹ ነው። ከለባሹ ፊት የነበረው ሰው ግን ምንም ውል አልፈረመም።

ይህን የመሰለ ጉዳይ ሲነሳ በመካከላችን ቶሎ የሚመጣው ንግግር ስለ እህቶች አለባበስ ነው። በደንብ የተሸፈነች ምን ትፈራለች ይባላል። የሱረቱ ኑርን ቅደም ተከተል ግን እንመልከት። መጀመሪያ የሚመጣው የሰው ቤት ከመግባት በፊት ፈቃድ የመጠየቅና ሰላም የማለት ትእዛዝ ነው፤ ተመለሱ የተባለም እንዲመለስ። ቀጥሎ አማኝ ወንዶች ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ይታዘዛሉ። ለሴቶች የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ወረድ ሲልም ሦስት ሰዓቶች ተለይተዋል፤ ከሱብሒ በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ በኋላ። በእነዚህ ሰዓቶች ቤት ውስጥ የሚያገለግሉና ሕፃናት እንኳ ሳያስፈቅዱ አይገቡም። የራስ ቤት ውስጥ፣ የራስ ልጅ! ከዒሻ በኋላ ያለው የዶርም ክፍል ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል በር ቀዳዳ አጮለቀ። እርሳቸው በብረት ማበጠሪያ ራሳቸውን እያከኩ ነበር። እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ዓይኑን በዚያው ብረት ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም በማየት የተነሳ መሆኑን አስረዱት። ሰውየው ቤት አልገባም፣ የነካው ዕቃ የለም፣ ለማንም አላወራም። አየ፣ በቃ። መነጽሩ ከማየት አልፎ ያየውን ያስቀራል፣ ያባዛል፣ ይልካል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ለእኛም ልጓም አለ። ስለላን የሚከለክለው የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ ከዚያ በፊት የሚከለክለው መጥፎ ጥርጣሬን ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ መነጽር ያደረገውን ሁሉ በዓይኑ የሚያሳድድ፣ የታመመ ዓይን ያለውን ወንድም «አውልቅና አሳየኝ» የሚል ሰው ቢነሳ ነገሩን አበላሽተነዋል። ታዲያ እንዴት ይሁን? መልሱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አካሄድ ማግኘት ይቻላል። ሌሊት ባለቤታቸውን ሶፊያን (ረ.ዐ) ሊሸኙ ሲወጡ ሁለት አንሷሮች አይተዋቸው ፈጠን አሉ። እርሳቸው ግን አስቁመው አብራቸው ያለችው ሶፊያ መሆኗን ነገሯቸው፤ ሰይጣን በልባቸው አንዳች ነገር እንዳይጥል ሰጉ። ማን ይጠረጥራቸው ነበር? ሆኖም ጥርጣሬውን የማስወገዱን ሥራ ራሳቸው ወሰዱት። ባለ ካሜራ መነጽር ያደረገም ሰው እንዲሁ ነው። እኛ እስክንጠይቀው ሳይጠብቅ «ይህ ካሜራ አለው፣ አጥፍቼዋለሁ» ይበል። እርሱ ዝም ባለ ቁጥር ጥርጣሬው የሚያርፈው ተራ መነጽር ባደረጉት ሁሉ ላይ ነው።

«አደባባይ ላይ ምን ምስጢር አለ?» የሚለው ክርክር ደግሞ አለ። እውነት ነው፣ መንገድ ላይ የሚሄድን ሰው ሁሉም ያየዋል። ያየው ሁሉ ግን ይረሳዋል። ዋናው ካፌ በር ላይ ከእህቴ ጋር የማወራውን የሚያልፉ አርባ ሰዎች በቁራጭ በቁራጭ ይሰሙታል፤ ከአርባዎቹ አንዱም ነገ ሊደግመው አይችልም። ሰው አደባባይ ላይ የሚያወራው ይህን ተማምኖ ነው። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው ሲናገር ዞር ዞር ብሎ ካየ ንግግሩ አማና እንደሚሆን ያስተምራል። «ምስጢር ነው» ማለት እንኳ አልተጠበቀበትም፤ ግራ ቀኝ ማየቱ በቂ ሆነ። እንዲህ ላለች ጥቃቅን ምልክት ዋጋ የሚሰጥ ሃይማኖት ውስጥ እያለን «ማን ግቢ መሀል አውሪ አላት?» የሚለው አነጋገር አይመጥነንም።

የሕግ ተማሪ ስለሆንኩ ሕጉስ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ወደ እኔ ይመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም። አንቀጽ 28 ግን በሩን ይከፍታል፤ ታዋቂ ሰው ከሆነ፣ የመንግሥት ሹመት ካለው፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ለካፊው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህች የመጨረሻዋ ነው። በእኔ አስተያየት የምትሠራው ለሰልፍ፣ ለበዓል፣ ለስብሰባ ነው፤ ከምሳዋ ላይ የተቀረጸች ተማሪን አንቀጹ አሳልፎ አይሰጥም። አንቀጽ 29 ደግሞ ያለ ፈቃዱ ምስሉ የወጣበት ሰው እንዲቆምለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ማሳየትና ስለ መሸጥ ያወራል እንጂ ስለ መቅረጿ ቅጽበት አያወራም። ላውንጅ ውስጥ ያሉት ሦስቱ እህቶች ቪዲዮው እስኪወጣ ድረስ በአንቀጽ 27 የሚይዙት ነገር የለም፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ስንት ስልክ ላይ እንደሄደ ማንም አይቆጥረውም። (ግቢያችን ይህን መነጽር የሚከለክለው መጀመሪያ ፈተና አዳራሽ ውስጥ እንደሚሆን ከወዲሁ እገምታለሁ። የኩረጃ ነገር ሁልጊዜ ቶሎ ይደርሳል።)

ፍጹም ይከልከል የሚሉትን አልቀበልም፤ ምክንያቴም ዓይነ ስውራን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ቢ ማይ አይስ የሚባለው አገልግሎት ከ2024 ጀምሮ በዚህ መነጽር ይሠራል። ማየት የማይችል ሰው በድምፅ አዝዞ የሚያይለት በጎ ፈቃደኛ ያገኛል፤ እጁ ነጭ በትሩን እንደያዘ የሌላውን ሰው ዓይን ይዋሳል። ግቢያችን ውስጥ ብሬል ያልሆነ ወረቀት ተለጥፎ «አንብቡልኝ» እያሉ ሰው የሚጠብቁትን ተማሪዎች ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አይገፋም። ለእነርሱ መነጽሩ ዓይን ነው። የምንጠይቀው ለማየት የዋለው ለማስቀረት እንዳይውል ነው፤ ይህ ደግሞ ከዓይነ ስውሩ ይልቅ በሚያየው ለባሽ ላይ የሚከብድ ጥያቄ ነው።

አንዲት እህት ረቂቁን አንብባ ሌላ ነገር አነሳችብኝ። የሚለክፋትን ሰው ራሷ ብትቀርጸው ማስረጃ አይሆናትም ወይ? ይሆናታል። ዛቻ የደረሰባት ሰው ራሷን ለመከላከል የምትቀርጸውና ለተመልካች ተብሎ የሚቀረጸው አንድ አይደሉም። ማስረጃዋን ለሚመለከተው አካል ትስጠው፤ ቻናል ላይ መለጠፉ ግን ጉዳዩን ሲያበላሽባት እንጂ ሲጠቅማት አላየሁም።

ስለ ሌላው ስናወራ የራሳችንን ቤት መዝለል አይገባም። የጀመዓችን ሚዲያ ክፍል በኢፍጣር፣ በደርስና በምርቃት ፕሮግራም የሚያነሳው ምስል ብዙ ነው። ልፋታቸውን አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ከመድረክ «ካሜራ አለ» ብሎ ማለፍ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ ኢፍጣር ሊበላ የመጣ ሰው ቴምሩን ትቶ ይውጣ? የእህቶችን ወገን ከሩቅም ቢሆን የሚያሳዩ ምስሎች ቻናላችን ላይ አሉ። ለመነጽሩ የምናወጣው ደንብ ለእኛ ካሜራም ካልሠራ ማንም አይሰማንም፤ ትክክልም ነው።

ለሹራው በጽሑፍ ያስገባሁት ሐሳብ ይህ ነው። በመስጂድ የእህቶች ክፍል፣ በውዱእ ቦታና በዶርም ባለ ካሜራ መነጽር አይደረግ። በሌላ ቦታ ለባሹ ቀድሞ ይናገር፤ አጥፋ የተባለውንም ከስልኩም ከመነጽሩም ጠያቂዋ እያየች ያጥፋ። ያለ ፈቃድ የተቀረጸ ነገር የደረሰው ሰው፣ ለማስጠንቀቅ ብሎም ቢሆን፣ ለሌላ አያስተላልፍ። ቪዲዮዋ የወጣባት እህት ሊንኩን፣ ቀኑንና የገጹን ስም መዝግባ ለእህቶች ተጠሪ ታምጣ፤ ተጠሪዋም ወደ ተማሪዎች ዲን አብራት ትሂድ፣ ብቻዋን አትላካት። ሚዲያ ክፍሉ ደግሞ የእህቶችን ወገን የሚያሳዩትን የቆዩ ምስሎች ከቻናሉ ያንሳ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ያላት መነጽር ያ ብቻ የሆነች፣ ያለ እርሱም የማታይ እህት ዶርም ውስጥ ምን ታድርግ? ከዘንጉ በውስጥ በኩል ማጥፊያ አለው፤ ሲጠፋ ተራ መነጽር ይሆናል። መጥፋቱን ግን አብረዋት ያሉት ማረጋገጥ አይችሉም፤ ያላቸው የእርሷ ቃል ብቻ ነው። አንዳንዶች ቃሏ አማና ነው፣ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎች ጀመዓው ገንዘብ አዋጥቶ ተራ ፍሬም ይግዛላት ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሌንሱን ወደ ሌላ ፍሬም ማስቀየር ስንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ወይም መነጽር ቤት የሚሠራ ዘመድ ያለው ካለ ከሚቀጥለው የሹራ ስብሰባ በፊት ለእህቶች ተጠሪ ይንገርልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።